ስለ ቤትና ስለ መደብር ውሻ፤ ከየት ማግኘት እንደሚሻል

ነጋዴ የሚገዛውን ዕቃ መርምሮ መግዛት ልማዱ ነው። ቡና ላኪው ናሙናውን ሳያይ፣ ፍሬውን በእጁ ሳያገላብጥና ሳያስቀምስ ስለ ዋጋ አይነጋገርም፤ ጨርቅ አስመጪውም የፋብሪካውን ስም፣ የሥሪት አገሩንና የጭነት ሰነዱን ሳይመለከት ገንዘብ አይልክም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ለቤቱ ወይም ለመጋዘኑ ጠባቂ ውሻ ባስፈለገው ጊዜ፣ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁሞ፣ በመስኮት ሁለት ቃል ተነጋግሮ፣ ቡችላውን በካርቶን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ይታያል። የመጣው ጨርቅ ቢበላሽ ጉዳቱ የአንድ ወቅት ነው። ውሻ ግን ከ10 እስከ 13 ዓመት ድረስ ከልጆች ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር፣ ደንበኛ በሚገባበትና በሚወጣበት ደጅ የሚቀመጥ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ በአመራረጡ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ብዙ ዓመት ይከተላል።

ስለ ውሻ ጨዋታ በተነሣ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚከራከረው ስለ ዐይነቱ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ይሻላል የሚል አለ፤ ሌባን የሚያስፈራው ሮትዋይለር ነው የሚል አለ፤ ሌላውም የአበሻ ውሻ ምን ጎደለው ብሎ ይሟገታል። ይህ ክርክር የራሱ ጥቅም ቢኖረውም፣ ከእርሱ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ውሻው ከማን እጅና ከምን ዐይነት ግቢ የወጣ ነው የሚለው ነው። ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ዕቃ የሥሪት አገር የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ለቡችላ እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚጽፍ መሥሪያ ቤት የለም፤ ምስክሮቹ እናቱና ያደገበት ግቢ ብቻ ናቸው። አባቶቻችን ስለ ጋብቻ «እናትዋን አይተህ ልጅዋን አግባ» ብለው የተናገሩት ምክር ለዚህም ጉዳይ የሚያገለግል ነው።

ምንጩን ማወቅ የሚያስፈልግባቸው ሦስት ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት ጤና ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት እንደሌለው የታወቀ ነው ለማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት በሚሰጠው ግምት በያመቱ ወደ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም ከ100 እጅ 99ኙን የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። ከሟቾቹ መካከል ከ100 ወደ 40 የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። አገራችን ኢትዮጵያም በሽታው ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። በሽታው በውሻው ሰውነት ውስጥ ለብዙ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ያለ ምንም ምልክት ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ዛሬ ደኅና ሆኖ የሚጫወት ቡችላ ከሁለት ወር በፊት በበሽተኛ ውሻ ተነክሶ እንደ ሆነ በዐይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ይህን ሊነግር የሚችለው ቡችላው ከተወለደ ጀምሮ ያየው ሰው ብቻ ነው።

ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 የ9 ዓመቱን ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ክትባት ሰጥቶ ካዳነው ወዲህ፣ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ለደረሰ ሰው መድኅን ተገኝቷል። ስለዚህ ማንኛውም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ነካሹ የራሱ የቤት ውሻ ነው ብሎ ቸል ማለት አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ጠባይ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በሜይን ግዛት በባር ሃርበር ለብዙ ዓመታት ቡችሎችን ሲመረምሩ ቆይተው፣ የደረሱበትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አውጥተውታል። እንዳረጋገጡትም ቡችላ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሰው ጋር መኖርን ይለምዳል። በዚህ ጊዜ ሰው በእጁ ያልነካው፣ የሕፃናትን ድምፅ ያልሰማና እንግዳ ሲመጣ ያላየ ቡችላ፣ ካደገ በኋላ ፈሪ ይሆናል፤ ፈሪ ውሻም ብዙ ጊዜ ተናካሽ ነው። እንዲሁም ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር እስከ 8ኛው ሳምንት ያልቆየ ቡችላ አነካከሱን በልክ ማድረግ አይማርም፤ በጨዋታ መካከል ጠንክሮ ሲነክስ ወንድሙ ጮኾ ስለሚሸሸው፣ መጠኑን የሚያውቀው በዚሁ ነው። እንግዲህ ገዢው ቡችላውን ሲረከብ የጠባዩ መሠረት አብዛኛው በሌላ ሰው ግቢ ተጥሎ አልቋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ኀላፊነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠው ቢሆንም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ ኀላፊነቱ አይቀርለትም። ስለዚህ ባለሱቁ በደጁ የሚያስረው ውሻ አንዱን ደንበኛ ወይም አንዱን ተሸካሚ ቢነክስ፣ «ጠባዩን አላውቀውም ነበር» የሚለው ቃል ከካሣ አያድነውም።

ከመንገድ ዳር ሻጭና ከደላላ

ቡችላ ታቅፎ በመንገድ ዳር የሚቆመው ሻጭ እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ነው፤ በእርሱ ላይ ለመፍረድ አንነሣም። ነገር ግን የሚያቀርበው ዕቃ ምንጩ የማይታወቅ መሆኑን ገዢው መርሳት አይገባውም። ቡችላው ገና ጡት ሳይጥል ከእናቱ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ የሚያምረውና የሚሸጠው ትንሽ ሳለ ነውና። ከተለያዩ ግቢዎች የመጡ ቡችሎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲሰበሰቡም የአንዱ በሽታ ለሁሉ ይተርፋል።

ከእነዚህ በሽታዎች በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ፓርቮ ለሚባለው ነው። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ከታወቀ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዓለምን አዳርሷል። በቡችላ ላይ ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አስከትሎ በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላል። በሽታው ከተያዘ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ስለሚወስድ፣ ሰኞ በደኅና የተገዛው ቡችላ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሻጩ ከቦታው የለም። ከዚህም በላይ የበሽታው ቫይረስ በግቢው አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ስለሚቆይ፣ በፓርቮ ቡችላ በሞተበት ግቢ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ወዲያው ማስገባት ሁለተኛ ኪሣራ መጥራት ነው።

ሻጩ ስለ ዕድሜው የሚናገረውን በጥርሱ መመርመር ይቻላል። ቡችላ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ የወተት ጥርስ ያበቅላል፤ 28ቱም የወተት ጥርሶች በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት መካከል ይሟላሉ። የፊት ጥርሶቹ በ4ኛው ወር ገደማ መለወጥ ይጀምራሉ። ስለዚህ «ሁለት ወር ሞልቶታል» የተባለው ቡችላ አፉ ሲከፈት ጥርሱ ያልተሟላ ሆኖ ከተገኘ፣ ከእናቱ ጡት የተነጠቀ መሆኑ ይታወቃል።

የታመመና የከሳ ቡችላ አይቶ በርኅራኄ የሚገዛ ሰውም አለ። ልቡ መልካም ነው፤ ነጋዴ ግን የገበያን ሕግ ስለሚያውቅ ነገሩን ወደ ፊት ማየት ይገባዋል። ሻጩ የሚያስተውለው የያዘው ቡችላ መሸጡን ብቻ ስለ ሆነ፣ በሚመጣው ሳምንት በዚያው መንገድ ሌላ የታመመ ይዞ ይቆማል።

ይህም ሆኖ ከመንገድ ሻጭ ጋር የሚደረግ ንግግር ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። ገዢው «እናቱ የት ናት?» ብሎ ቢጠይቅና ሻጩ ወደ እናቲቱ ግቢ ሊወስደው ፈቃደኛ ቢሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ግዢው ከዚያ ግቢ የተደረገ ያህል ይቆጠራል። ሻጩ ምክንያት እየደረደረ እምቢ ካለ ግን ገዢው ገንዘቡን ይዞ መሄዱ ይሻለዋል።

ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከሥራ ወዳጅ

ለአብዛኞቹ አንባቢዎቻችን ከሁሉ የሚሻለው ምንጭ ይህ ይመስለናል። በሰፈር ወይም በገበያ አካባቢ በጥበቃዋ የተመሰገነች ሴት ውሻ ካለች ባለቤትዋን አስቀድሞ ማነጋገርና እስክትወልድ መጠበቅ ይቻላል። ቡችሎቹ በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ሄዶ ማየት፣ እንደገናም በ8ኛው ሳምንት ሄዶ መምረጥ ይገባል። በዚህ መካከል የባለቤቱ ልጆች ሲያቅፏቸውና ሲያጫውቷቸው የሚውሉ መሆናቸውን ማየት ከማንኛውም ወረቀት የበለጠ ዋስትና ነው።

መመርመር ያለባት ከቡችሎቹ በፊት እናቲቱ ናት። ባለቤትዋ በአጠገብዋ ቆሞ እንግዳ ሲገባ እንዴት ትቀበለዋለች? ጮኻ ካስታወቀች በኋላ በጌታዋ ቃል የምትመለስ ከሆነች፣ ለቤትም ለመደብርም የምትሆን ዘር ናት። ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ፣ ወይም የጌታዋን ቃል ሳትሰማ ለመንከስ የምትዘል ከሆነች ግን ልጆችዋ ምንም ቢያምሩ መተው ይሻላል፤ ፍርሃትም ቁጣም ከዘርና ከእናት አያያዝ ይወረሳልና። «ዘር ከልጓም ይስባል» የተባለውን ፈረሰኞች ብቻ የሚያውቁት አይደለም።

የአበሻ ውሻ እየተባለ የሚናቀው ያገራችን ውሻ የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ለአገሩ አየር የተስማማ፣ በጥቂት ምግብ የሚረካ፣ ኮሽታን ፈጥኖ የሚሰማና የሚጮኽ ነው። ለመጋዘን ጥበቃ ዋናው ጥቅም ደግሞ ዘበኛውን በጊዜ የሚቀሰቅስ ጩኸት ነው፤ ሌባውን ይዞ መታገል የዘበኛና የፖሊስ ሥራ ነው። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ሆኖ እንጂ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት የውጭ ዘር ከእርሱ የበለጠ አገልግሎት የማይሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወዳጅ በነጻ ሲሰጥም ቢሆን የክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ወጪ ከፍሎ መቀበል ደግ ልማድ ነው። እንዲህ ሲሆን ባለቤቱ እናቲቱን በደንብ ለመመገብና ለማስከተብ ይተጋል። ጠያቂውም የእናቲቱ የእብድ ውሻ ክትባት መቼ እንደ ተሰጠ ያለ እፍረት መጠየቅ አለበት።

ከአርቢ

የውጭ ዘር የሚፈልግ ሰው ወደ አርቢ መሄዱ አይቀርም። መልካም አርቢ ማለት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የዶበርማንን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በጀርመን አገር በቱሪንገን ግዛት፣ በአፖልዳ ከተማ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርል ፍሪድሪሽ ሉዊስ ዶበርማን የተባለ ሰው ነበረ። እንደሚተረከው ይህ ሰው ግብር ሰብሳቢ ስለ ነበረ ገንዘብ ይዞ ሲዘዋወር የሚጠብቀው ውሻ ያስፈልገው ነበር። በከተማው ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚሰበሰቡበትንም ግቢ ያስተዳድር ስለ ነበር፣ ከመጡለት ውሾች መካከል ጠባያቸው ለሥራው የሚስማማውን እየመረጠ በማራባት በስሙ የሚጠራው ዘር እንዲገኝ አደረገ። የሰውየው ጥበብ ውሾቹን በየቀኑ እያየ ወላጆቹን በጠባያቸው መምረጡ ነበር።

ዛሬም ለገንዘብ ብቻ ከሚያራባ ሰው መልካሙ አርቢ የሚለየው በዚሁ ነው። መልካም አርቢ እናቲቱን ያሳያል፤ አባቱ በሌላ ግቢ ቢሆን የት እንደሚገኝ ይናገራል፤ ከ8 ሳምንት በፊት ቡችላ አያስረክብም፤ እናቲቱን በየወሊዱ መካከል ያሳርፋታል። እንደ ጀርመን ሼፐርድና እንደ ሮትዋይለር ባሉት ትልልቅ ዘሮች ላይ የሚበዛው የዳሌ መገጣጠሚያ በሽታ በወላጆቹ ላይ የታየ መሆን አለመሆኑን ሲጠየቅ አይቆጣም። እንዲያውም ገዢውን በተራው ይጠይቃል፤ ግቢው አጥር አለው ወይ፣ ውሻውን ማን ይመግበዋል፣ ቀን ሙሉ ታስሮ ይውላል ወይ ይላል። እንደዚህ የሚጠይቅ ሻጭ ሲገኝ ቅር መሰኘት አይገባም፤ ዕቃው የት እንደሚደርስ የሚያስብ ሻጭ ዕቃውን በደንብ ያዘጋጀ ነውና።

የዘር ሐረግ ወረቀት የሚያቀርብ ካለ ወረቀቱ ስለ ወላጆቹ ስም ይመሰክራል፤ ስለ አስተዳደጉ ግን አንዳች አይናገርም። ባማረ ወረቀት የታጀበ ቡችላም በጨለማ ክፍል ውስጥ ያደገ ሊሆን ስለሚችል፣ ግቢውን ማየት በወረቀቱ ምክንያት አይቀርም።

ከውጭ አገር ስለ ማስመጣት

አስመጪ ነጋዴ ውሻ ከውጭ አገር ለማምጣት ቢያስብ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን በዚህ መስክ የሚሠራ የታወቀ ማታለል አለ። በኢንተርኔት የሚያምር የቡችላ ፎቶግራፍና ዝቅተኛ ዋጋ ይታያል፤ ገዢው ቀብድ ይልካል፤ ከዚያም ለማጓጓዣ ሣጥን፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጤና ወረቀት እየተባለ ደጋግሞ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ቡችላው ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም። በሸቀጥ ንግድ ሻጩን ሳያውቅ ቅድሚያ ክፍያ የማይልክ ነጋዴ በዚህም ሥርዐቱን መለወጥ የለበትም። በዚያው ከተማ የሚኖር ዘመድ ወይም ወኪል ግቢው ድረስ ሄዶ እናቲቱንና ቡችላውን በዐይኑ ሳያይ ገንዘብ መላክ አይገባም።

ግዢው እውነተኛ ቢሆንም ጊዜው መታሰብ አለበት። የእብድ ውሻ ክትባት በብዙ አገሮች ደንብ ቡችላው 12 ሳምንት ሳይሞላው አይሰጥም፤ ከተሰጠም በኋላ ኃይሉ እስኪጸና መጠበቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ይህ የመጠበቂያ ጊዜ 21 ቀን ነው። ስለዚህ በሁለት ወሩ በአውሮፕላን እልክልሃለሁ የሚል ሻጭ ደንቡን የማያውቅ ወይም ለመጣስ ያሰበ ነው። ወደ አገራችን ለማስገባት የሚጠየቁትን የጤና የምስክር ወረቀትና ፈቃድ ጉዳዩ ከሚመለከተው የግብርና መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ጠይቆ ማወቅ ያስፈልጋል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾችም በጉዞ ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ብዙ አየር መንገዶች እነርሱን ለመጫን ገደብ ያደርጋሉ።

ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመኖር የሚያስብ ነጋዴ ደግሞ ውሻ ከመያዙ በፊት የመውጫውን መንገድ ይወቅ። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዕድሜው 6 ወር ያልሞላውንና ማይክሮቺፕ ያልተደረገለትን ውሻ አይቀበሉም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሠጋባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ስላለች ተጨማሪ የክትባት ሰነድ ይጠየቃል። ከእናቱና ከክትባቱ ጀምሮ ታሪኩ በጽሑፍ የተያዘለት ውሻ ባለቤት በዚህ ጊዜ ከብዙ ድካም ይድናል።

ስላደገ ውሻ

ብዙ ሰው ቡችላ ካልሆነ አይለምደኝም ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ያደገ ውሻ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጠባዩ ተገልጦ አልቋል። በአዲስ አበባ ብዙ ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ስላሉ፣ የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ለውሻቸው መልካም ቤት የሚፈልጉ የውጭ አገር ሰዎች ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የክትባት ደብተሩ የተሟላ ነው። ነገር ግን በምንጣፍ ላይ ተኝቶ የኖረ ውሻ በብርድ መጋዘን ደጅ ቢያስሩት ይታመማል፤ ስለዚህ ለሥራው የሚስማማ መሆኑ አስቀድሞ ይታሰብበት።

ሌላው ደግሞ የሰፈር ውሻ ነው። በየሱቁ ደጅ ባለቤት ሳይኖረው ከአንዱ ቁራሽ ከሌላው ፍርፋሪ እያገኘ፣ ሌሊት ግን መደዳውን ሁሉ የሚጠብቅ ውሻ አለ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለው በእርሱ ይታያል። ባለሱቆቹ ለዓመታት ጠባዩን ስለሚያውቁት ምንጩ ያልታወቀ ነው አይባልም። ከመካከላቸው አንዱ ኀላፊነቱን ወስዶ በስሙ ቢያደርገው፣ የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ቢከትበው፣ እንዳይራባም ቢያደርገው፣ ለመደብሩ የታመነ ጠባቂ አገኘ ማለት ነው። በሎንዶን ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1860 ለባዘኑ ውሾች መጠለያ ስትከፍት ብዙዎች አፊዘውባት ነበር፤ ባተርሲ ወደተባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1871 የተዛወረው ያ መጠለያ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ለቤተ ሰቦች ውሻ ይሰጣል።

ከማይታወቅ ስፍራ ድንገት የመጣ ውሻ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቢያሳዝንም ወደ ልጆች ማቅረብ አይገባም፤ የእንስሳት ሐኪም እስኪያየው ድረስ በእጅ መንካትም ሆነ ከግቢው ውሻ ጋር መቀላቀል አደጋ አለው። በቄራ አካባቢ ጥሬ የሆድ ዕቃ እየበላ ያደገ ውሻም ለሰው የሚተላለፍ የኮሶ ትል ዐይነት ሊይዝ ስለሚችል የትል መድኃኒት ሳይሰጠው ወደ ቤት አይግባ።

ሌሎች አገሮች በሕግ ያደረጉት

የምንጭን ነገር ሌሎች መንግሥታትም በሕግ አስገብተውታል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ ፈቃድ ያለው አርቢ ቡችላውን ከእናቱ ጋር ሳያሳይ፣ ከ8 ሳምንትም በፊት እንዳይሸጥ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 6 ቀን 2020 ጀምሮ ደግሞ 6 ወር ያልሞላውን ቡችላ ነጋዴ ከአርቢ ገዝቶ መልሶ እንዳይሸጥ ታገደ። ይህ ሕግ በመጥፎ አርቢ ግቢ ስትሠቃይ በተገኘችው ሉሲ በተባለች ውሻ ስም ይጠራል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የእንስሳት መደብሮች ከመጠለያ የመጣውን ውሻ ብቻ እንዲያቀርቡ አዘዘ፤ ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በእንስሳት መደብር የውሻና የድመት ሽያጭ እንዲቀር አደረገች። በእነዚህ አገሮች የታየው ችግር አንድ ነው፤ በአርቢውና በገዢው መካከል ሌላ ሻጭ ሲገባ እናቲቱ ከገዢው ዐይን ትሰወራለች፤ ከዐይን የተሰወረውን ግቢ ንጹሕ ለማድረግ የሚያስገድድ ደግሞ የለም። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ስፍራ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው።

በመግዣው ቀን

ምንጩ ተመርምሮ ከተወሰነ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። ገዢው ቀን ብርሃን ሳለ ይሂድ። የቡችላውን ዐይን፣ አፍንጫና ጆሮ ይመልከት፤ ፈሳሽና መጥፎ ሽታ ሊኖር አይገባም። ሆዱ ብቻ ተነፍቶ ጀርባው የከሳ ከሆነ ወስፋት ሊኖርበት ይችላል። ጠጉሩን ገልጦ ቁንጫ፣ መዥገርና እከክ ይፈልግ። መሬት ላይ አስቀምጦ አረማመዱን ይይ፤ ከኋላው በእጁ አጨብጭቦም መስማቱን ያረጋግጥ። ከቡችሎቹ መካከል ደንግጦ ጥግ የያዘውንም፣ ሌሎቹን እየነከሰ ዕረፍት የሚነሣውንም ትቶ፣ ቀርቦ የሚያሸትተውንና ሲይዙት የሚረጋውን ይምረጥ።

የክትባት ደብተሩ ላይ የሐኪሙ ፊርማና ቀን፣ የመድኃኒቱም ስም ያለበት ተለጣፊ ወረቀት መኖር አለበት። የፓርቮና የዲስተምፐር ክትባት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ተጀምሮ፣ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየጥቂት ሳምንቱ ይደገማል፤ የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጣል። ስለዚህ የ8 ሳምንት ቡችላ «ክትባቱን ሁሉ ጨርሷል» ከተባለ ቃሉ ሐሰት መሆኑን ገዢው ይወቅ።

በመጨረሻም ስምምነቱ በአጭር ወረቀት ይጻፍ። የሻጩ ስምና አድራሻ፣ የቡችላው የልደት ቀን፣ የእናቲቱ ምልክት፣ የተከፈለው ዋጋ ይግቡበት፤ በሁለት ቀን ውስጥ የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ሕመም ያገኘበት እንደ ሆነ ቡችላው ተመልሶ ገንዘቡ እንዲመለስ የሚል ቃልም ይጨመርበት። ሐቀኛ ሻጭ ይህን ለመፈረም አያመነታም። ወረቀቱ ከመደብሩ ሰነዶች ጋር በአንድ ማኅደር ይቀመጥ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የክትባቱ ጊዜ ሲደርስ፣ ወይም በደጅ አንድ ጉዳት ደርሶ ስለ ውሻው ጥያቄ ሲነሣ፣ ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ወረቀት ነው።